ቅይጥ ትምህርት ከየት ይጀመራል? ከቪዲዮው ሳይሆን ከክፍሉ ሰዓት

ጥያቄ፦ «የመግቢያ ስታቲስቲክስ ለ70 ተማሪዎች አስተምራለሁ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል አለን፤ ሁለቱ ሰዓት በአንድ ቀን፣ አንዱ በሌላ ቀን። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ከሦስቱ አንዱ ሰዓት ኦንላይን እንዲሆንና ትምህርቱ ብሌንድድ (ቅይጥ) እንዲባል ተወስኗል። ሙድል የተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ተከፍቶልናል፣ የግማሽ ቀን ሥልጠናም ወስደናል፤ የተማርነው ግን ፋይል እንዴት እንደሚጫን ብቻ ነው። ሌክቸሮቼን በሙሉ በቪዲዮ ልቅረጽ? ተማሪዎቼ የማዛቸውን ንባብ እንኳ ሳያነቡ ነው የሚመጡት፤ ቪዲዮውን ያያሉ ብዬ እንዴት ልመን? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሌክቸሮችዎን በሙሉ አይቅረጹ። ተማሪዎችዎ በየዓመቱ የሚሰናከሉበትን አንድ ሳምንት ይምረጡና በደንብ አድርገው እሱን ይቀይሩ። ሲቀይሩትም ከቪዲዮው አይነሡ። «ተማሪዎቼን ፊት ለፊት በማገኛቸው ሰዓት ምን ሲሠሩ ማየት እፈልጋለሁ?» ከሚለው ይነሡና ወደ ኋላ ይሂዱ። ቪዲዮውም፣ ንባቡም፣ ሙድሉም ለዚያ ሰዓት መሰናዶ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

አጥብቄ የምናገረው መጀመሪያ ስሞክረው ተቃራኒውን ስላደረግኩ ነው። አንድ የክረምት እረፍት ሙሉ ቁጭ ብዬ የ14 ሳምንት ሌክቸሬን ቀረጽኩ፤ አንዱ ቪዲዮ 50 ደቂቃ ይሆናል። ሴሚስተሩ ሲከፈት ሁሉንም ጫንኩ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሌክቸር መስጠቴን አላቆምኩም፣ ያላዩ ይኖራሉ ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ ሳምንታዊ ኩዊዝና የኦንላይን ውይይት ጨመርኩ። በአምስተኛው ሳምንት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣችና «መምህር፣ የተመዘገብነው ለአንድ ኮርስ ነው፤ የምንማረው ግን ሁለት ሆኗል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ይህ ችግር በሙያው ውስጥ «አንድ ኮርስ ተኩል» የሚል ስም አለው። ጀማሪ መምህራንን በብዛት የሚጥለው እሱ ነው፤ ተማሪው ይደክማል፣ መምህሩ ይደክማል፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል።

ስለዚህ የቃሉ ትርጉም ላይ እንስማማ። ጋሪሰንና ካኑካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ብዙ በሚጠቀስ ጽሑፍ ቅይጥ ትምህርትን የገጽ ለገጹንና የኦንላይኑን ትምህርት በታሰበበት መንገድ ማዋሐድ ሲሉ አስረድተውታል። ክብደቱ ያለው «በታሰበበት» እና «ማዋሐድ» በሚሉት ቃላት ላይ ነው። ስላይዶችን ፒዲኤፍ አድርጎ መጫን ፋይል ማስቀመጥ ነው። ኦንላይን የተሠራው ነገር ክፍል ውስጥ ካልተነሣ፣ ክፍል ውስጥ የተጀመረውም ኦንላይን ካልቀጠለ፣ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ትምህርቶች ናቸው እንጂ አልተቀየጡም። የእርስዎን ዕቅድ የሚፈትሹበት አንድ ጥያቄ ልስጥዎ። የኦንላይኑን ሥራ ያልሠራ ተማሪ ክፍል ሲገባ የሚጎድልበት ነገር አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ ያ ሥራ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር።

«ይሠራል ወይ?» ለሚለው፣ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና ቅይጥ ትምህርት ከገጽ ለገጽ ብቻ መጠነኛ ብልጫ እንዳሳየ ይናገራል። ይህን ይዘው ቴክኖሎጂን የሚያሞግሱ አሉ። አጥኚዎቹ ግን ራሳቸው አንድ ማስጠንቀቂያ አኑረዋል፤ በቅይጡ የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና ተጨማሪ ማቴሪያል ነበራቸው፣ ስለዚህ ብልጫውን ለኮምፒውተሩ ብቻ መስጠት አይቻልም። እኔ የምወስደው ትምህርት፣ ልዩነት የሚያመጣው ተማሪው የሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ በሌክቸር ብቻ ከተማሩት 34 በመቶ ያህሉ ሲወድቁ ክፍል ውስጥ እየሠሩ ከተማሩት ግን የወደቁት 22 በመቶ ያህል ነበሩ። ኦንላይን ይሂድ የተባለው አንዱ ሰዓት ለእርስዎ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ማብራሪያውን ከክፍል ያወጣልዎታል፣ በቀሩት ሁለት ሰዓታት ተማሪው ብዕር ይዞ ይሠራል፣ እርስዎም በመካከላቸው ይዘዋወራሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ሒሳብ እንግባ፤ ከዚህ ቀድሞ ምንም መሥራት አይገባም። ወረቀት ያውጡና አንድ ተማሪ በሳምንት ለእርስዎ ኮርስ ስንት ሰዓት መስጠት እንዳለበት ይጻፉ። በሰፊው የሚሠራበት ልማድ ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የግል ጥናት ሰዓት ነው፤ በዚህ ስሌት ሦስት የክፍል ሰዓት ሲደመር ስድስት የግል ሰዓት፣ ዘጠኝ ይመጣል። ተቋምዎ የአውሮፓውን የክሬዲት ስሌት የሚከተል ከሆነ ደግሞ አንድ ክሬዲት በጠቅላላው ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ስለሆነ ለሳምንታቱ ያካፍሉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ሥራ ትይዩ ደቂቃ ይጻፉ። ቪዲዮ ሲሆን ርዝመቱን በሁለት ያባዙ፤ ተማሪ እያቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ማስታወሻ እየያዘ ነው የሚያየው። ኩዊዝ ሲሆን እርስዎ የፈጀብዎትን ጊዜ በሦስት ያባዙ። ድምሩ ከዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አንድ ነገር ይውጣ። አዲስ ነገር ሲገባ አሮጌ ነገር እንዲወጣ ግድ ነው። መምህር ሆነን መቀነስ እንደሚያስጨንቀን አውቃለሁ፤ የተውነው ነገር ሁሉ የተማሪው ጉድለት ሆኖ ይታየናል። ግን እኛ «ሸፍነነዋል» ያልነው ምዕራፍ ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ካልገባ አልተሸፈነም።

የትኛውን ሳምንት ይምረጡ? የባለፈውን ፋይናል ወረቀቶች ያውጡና ብዙ ተማሪ የተሳሳተበትን ጥያቄ ይፈልጉ። በመግቢያ ስታቲስቲክስ ብዙ ጊዜ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካው) አካባቢ ነው፤ ቀመሩን ሸምድደው በካልኩሌተር ያወጡታል፣ ምን እንደሚለካ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። እሱን ምሳሌ ላድርግና እኔ ሳምንቱን እንዴት እንደማዘጋጅ በዝርዝር ላሳይዎ።

መጀመሪያ የክፍሉን ሰዓት አስባለሁ። ማየት የምፈልገው ተማሪው ሁለት የቁጥር ስብስቦችን አይቶ፣ ሳያሰላ፣ የትኛው የበለጠ እንደተበተነ ሲናገርና ለጓደኛው ምክንያቱን ሲያስረዳ ነው። እዚያ ለመድረስ ቀድሞ ምን ማወቅ አለበት? አማካይ ምን እንደሆነ፣ «ከአማካዩ መራቅ» ምን ማለት እንደሆነ፣ ስሌቱንም አንድ ጊዜ እጁ ሠርቶት ማየት አለበት። በቃ። የስሌቱ ሌላ አቋራጭ ቀመር፣ የፈጣሪዎቹ ታሪክ፣ የሶፍትዌሩ አጠቃቀም ለዚያ ሰዓት አያስፈልጉም፤ ስለዚህ ከቅድመ ክፍሉ ሥራ ይወጣሉ።

ቪዲዮው ሰባት ደቂቃ ነው። ወረቀት ላይ አምስት ቁጥሮች እጽፋለሁ፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10። አማካያቸው 6 ነው። እያንዳንዱ ከ6 ምን ያህል እንደራቀ ከሥሩ እጽፋለሁ። «ርቀቶቹን ዝም ብለን ብንደምራቸውስ?» እላለሁና ቪዲዮውን አቁመው ራሳቸው እንዲሞክሩት እጠይቃለሁ። ዜሮ ይመጣል። ለምን ስኩዌር እንደምናደርግ ያኔ ራሱ ይገባቸዋል። ስኩዌሮቹ 16፣ 4፣ 0፣ 4፣ 16፤ ድምራቸው 40፤ በ4 ሲካፈል 10፤ ስኩዌር ሩቱ 3.16 ገደማ። ናሙና ሲሆን ለምን በ5 ሳይሆን በ4 እንደምናካፍል እዚያ አልገባበትም፤ «ክፍል ውስጥ እንነጋገርበታለን» ብዬ አቆማለሁ። ይህ ዓረፍተ ነገር ኦንላይኑን ከክፍሉ ጋር የሚያስር ክር ነው።

ከቪዲዮው ቀጥሎ ሙድል ላይ አራት ጥያቄ ያለው ኩዊዝ አለ፤ የሚዘጋው በክፍሉ ዋዜማ ማታ ነው። አንደኛው ትንሽ ስሌት ነው። ሁለተኛው ሁለት ስብስቦችን ይሰጣል፤ 48፣ 49፣ 51፣ 52 እና 20፣ 40፣ 60፣ 80። አማካያቸው እኩል 50 ነው፤ የትኛው የበለጠ ተበትኗል? ሦስተኛው እኔ የምወደው ነው፤ «መምህሩ ለሁሉም ተማሪ 10 ማርክ ቢጨምር የክፍሉ አማካይ ምን ይሆናል? ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑስ?» አራተኛው ክፍት ነው፤ «እስካሁን ያልገባዎትን ወይም የጠረጠሩትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።»

የዋዜማው ማታ የእኔ ሰዓት ነው። 70 ተማሪ ቢኖርም የአራተኛውን ጥያቄ መልሶች ማንበብ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ አጫጭር ናቸው። የምፈልገው ተደጋግሞ የሚመጣውን ግራ መጋባት ነው። ሁለት ሦስት መልሶችን ስም ሳልጠራ ስላይድ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ይህ አሠራር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፊዚክስ መምህራን የተስፋፋ ነው፤ ለክፍሉ ነገ ምን እንደምናስተምር የሚነግሩን ዛሬ ማታ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነገ ጠዋት አንድ ተማሪ የራሱን ጥያቄ በራሱ አነጋገር ስክሪኑ ላይ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚወጣውን ነገር ይመልከቱ። የጻፈው እንደተነበበ አወቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በደንብ አስቦ ይጽፋል።

ክፍሉ የሚከፈተው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ለራሱ አስቦ እጁን በማውጣት ድምፅ ይሰጣል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም በ10 ይጨምራል የሚሉ ብዙ ናቸው። ትክክለኛውን መልስ አልናገርም። «ከእናንተ የተለየ መልስ የሰጠ ሰው አጠገባችሁ ፈልጉና አሳምኑት» እላለሁ። ይህን መንገድ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1991 እ.ኤ.አ. ጀምረው አስፋፍተውታል። የሚሠራው በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆኑ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ እርስዎ ያስረዱ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይለፉት። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ አምስት የብዕር ክዳን ጠረጴዛው ላይ አራርቆ ደረደረ። ማስመሪያ ወስዶ አምስቱንም በአንድ ላይ ወደ ፊት ገፋቸውና ጓደኛውን «ተጓዙ እንጂ ተራራቁ እንዴ?» አለው። እኔ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ በቀመር ሳስረዳው የነበረውን ነገር እሱ በአንድ ማስመሪያ ጨረሰው። ቀጥዬ «ሁሉም ማርክ በሁለት ቢባዛስ?» አልኩ፤ ክዳኖቹ እንደገና ተደረደሩ፣ ርቀታቸው እጥፍ ሆነ። ይህ በቪዲዮ አይመጣም። ክፍል የምንገናኘው ለዚህ ነው።

ከክፍል በኋላ ያለው የኦንላይን ሥራ አጭር ነው፤ አንድ ትንሽ የቁጥር ስብስብ ተርጉሞ አንድ አንቀጽ መጻፍ። ከሳምንት በኋላም በቀጣዩ ኩዊዝ ውስጥ አንድ የድሮ ጥያቄ መልሼ አስገባለሁ። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታውሰዋል። ሙድል ከሚሰጠን ነገር ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ደጋግሞ መጠየቅ ያለ እርማት ድካም ማድረግ መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትዎ ልምጣ፤ «አያዩም፣ አያነቡም» ወዳሉት። መምህርት፣ እስካሁን ያላነበቡት ባለማንበባቸው የቀረባቸው ነገር ስላልነበረ ነው ብዬ አስባለሁ። ያዘዝነውን ምዕራፍ በማግሥቱ እኛው አንድ በአንድ እናስረዳዋለን፤ ጊዜ የሌለው ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ከምመክርዎ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፦ ክፍል ገብተው ቪዲዮውን እንደገና አያስተምሩ። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ሳይዘጋጅ ይመጣል፣ ያምዎታል፣ እጅዎ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከደገሙላቸው ግን ተዘጋጅተው የመጡት ሠላሳዎቹ የለፉት በከንቱ እንደሆነ ይገባቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱም ይቀራሉ። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር አጥቻለሁ።

ታዲያ ያልተዘጋጀው ተማሪ ምን ይሁን? ማባረር ወይም ማሸማቀቅ አይገባም፤ ታሞ፣ ሲሠራ አምሽቶ ወይም ኔትወርክ አጥቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከኋላ ሁለት ረድፍ አስቀራለሁ። ያልተዘጋጀ ሰው እዚያ ተቀምጦ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ቪዲዮውን በስልኩ ያያል ወይም የታተመውን አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያነባል፣ ከዚያ ወደ ቡድኑ ይገባል። የሚያመልጠው የመጀመሪያው ክርክር ነው፤ ከፊት ሳቅና ሙግት ሲሰማ እሱ ራሱ ይቆጨዋል። ማርኩን በተመለከተ፣ የቅድመ ክፍል ኩዊዞች በድምሩ ከኮርሱ 10 በመቶ ይያዝላቸው፣ ነጥቡ በትክክለኛ መልስ ሳይሆን ሞክሮ በመጨረስ ይሁን፣ ዝቅተኛዎቹ ሁለቱ ይሰረዙ። ገና ሊማር ያለውን ነገር አላወቅክም ብሎ ማርክ መቁረጥ መኮረጅን ነው የሚያስተምረው። ዛሬ የቅድመ ክፍል ኩዊዝን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንድ ይመልሰዋልና ትልቁ ማርክ ክፍል ውስጥ በወረቀት በሚሠራው ፈተና ላይ ይቆይ።

ስለ ቪዲዮ የምለው ጥቂት ነው። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢዲኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ የነበሩ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም መካከለኛው ተመልካች ከስድስት ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ አንድ ሐሳብ ይያዝ። ስልክዎን ከወረቀቱ በላይ አንጠልጥለው እጅዎ ሲጽፍ ቢቀርጹ ይበቃል። ከምስሉ ይልቅ ለድምፁ ይጠንቀቁ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ፣ የጆሮ ማዳመጫዎን ማይክራፎን ይጠቀሙ። ስላይድ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አያንብቡ። «በዚህ ሳምንት»፣ «በመጪው ሚድ» የሚሉ ነገሮችን አይናገሩ፣ ቪዲዮው ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲያገለግል። ተሳስተው ቢያርሙ ይተዉት፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው። ጥሩ ቪዲዮ ሌላ ሰው ሠርቶት ካለ፣ ለምሳሌ ካን አካዳሚ በተባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ፣ ሊንኩን ይስጡና ጊዜዎን ለጥያቄዎቹ ያውሉት። ጥያቄዎቹን ግን ከሰው አይዋሱ፤ የእርስዎን ተማሪ የት እንደሚሳሳት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሙድሉን በተመለከተ፣ የተከፈተልዎት መድረክ በቂ ነውና ሌላ አይፈልጉ። በእያንዳንዱ ሳምንት ሥር ሦስት ርዕስ ብቻ ይኑር፤ «ከክፍል በፊት»፣ «ክፍል ውስጥ»፣ «ከክፍል በኋላ»። ቅደም ተከተሉ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይሁን። በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጻፉበት፤ ተማሪዎች ከምንም በላይ ያመሰገኑኝ ለዚህች ትንሽ ነገር ነው። ማስታወቂያ የሚተላለፍበት መንገድም አንድ ብቻ ይሁን። ሙድል ላይ፣ ቴሌግራም ላይና ኢሜይል ላይ የተበታተነ ማስታወቂያ ካለ «አላየሁም» የሚለው ተማሪ እውነቱን ነው።

ሴሚስተሩ ሳይከፈት ተማሪዎችዎን በወረቀት ይጠይቋቸው፤ በኦንላይን ከጠየቋቸው ኔትወርክ የሌለው አይመልስልዎትም። የሚያጠኑት በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር? ዳታ ወይም ዋይፋይ የሚያገኙት የትና መቼ ነው? ጸጥ ያለ ቦታ አላቸው? ማየት ወይም መስማት የሚያስቸግረው አለ? መልሱ ዕቅድዎን ይቀይረዋል። ብዙዎቹ ስልክ ብቻ ካላቸው ረጅም ፒዲኤፍ ያሠቃያቸዋል፣ በስልክ ስክሪን የሚነበብ አጭር ገጽ ይሥሩ። የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480ፒ ያውርዱት፣ በጽሑፍም ያስቀምጡት። የሙድል የስልክ አፕ ይዘቱን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማየት ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያው ቀን አብረው ያውርዱት። ይህን መጠየቅ ደግነት ብቻ አድርገን አንየው፤ ሥራውን ማግኘት ያልቻለ ተማሪ ባለበት ክፍል የቅይጡ ክር ይበጠሳል።

አንድ ቅሬታ እንደሚመጣ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ «መምህሯ አያስተምሩም፣ እኛው ነን የምንሠራው» ይላሉ። በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች የተደረገና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። እየሠሩ የተማሩት ተማሪዎች በፈተናው የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ሲጠየቁ ግን ጥሩ ሌክቸር ከሰሙት ያነሰ እንደተማሩ ነበር የተሰማቸው። ደህና ሌክቸር ጆሮ ላይ ለስላሳ ነው፤ መሥራት ግን ያታግላል፣ ተማሪውም ትግሉን እንደ አለመማር ይቆጥረዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ከሚድ በኋላም የራሳቸውን ውጤት እያሳዩ ድገሙላቸው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎም ቀድመው ይወቁት። በሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪ ግምገማዎ ትንሽ ዝቅ ቢል በሩቅ የሚያየው ሰው ምክንያቱን ሊስተው ይችላል።

«ኮሌጁ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ብሏል፤ አንድ ሳምንት ብቻ ቀይሬ ሌላውን ምን ላድርገው?» እንደሚሉኝ ይገባኛል። ለቀሩት ሳምንታት ቀላሉን ዘዴ ይያዙ። ቪዲዮ አይኑር፤ ከነበረዎት ማስተማሪያ አራት አምስት ገጽ ንባብ፣ ሦስት ጥያቄና ያ ክፍት ጥያቄ ብቻ። ይህን ለማዘጋጀት በሳምንት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥብዎትም፤ ያም ሆኖ ክፍሉን ከተማሪዎቹ ጥያቄ እንዲጀምሩ ያደርግዎታል። በደንብ የሚሠሩትን ሳምንት ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ፣ ቢበዛ ሦስት ያድርጉት። ወደ ኦንላይን የሚሄደው ለብቻው ያለው አንዱ ሰዓት ይሁን፤ ሁለቱን ተከታታይ ሰዓት አይንኩት፣ ለቡድን ሥራ የሚመቸው ያልተቆራረጠ ጊዜ ነው። የኦንላይኑ ሥራም ሁልጊዜ ከዚያ የሁለት ሰዓት ክፍል በፊት ይምጣ። በሥራ ጫና ስሌትዎ ውስጥ የመጀመሪያው ዝግጅት እንዲገባልዎት ከኃላፊዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ። ጥሩ አንድ ሳምንት ለመሥራት እኔን እስከ አሥር ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ይህን ያለ ዕውቅና ደጋግሞ መሥራት አይቻልም።

ውጤቱን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግዎትም። ለሳምንቱ ምርጫ ምክንያት የሆነዎትን ያንኑ የፋይናል ጥያቄ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይረው ዘንድሮም ይጠይቁ፤ አምና ስንት ሰው መለሰው፣ ዘንድሮ ስንት? የተቀየረው ሳምንት ሲያልቅ ደግሞ ተማሪዎቹ ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት ሁለት ነገር ይጻፉልዎ፦ በእውነት ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ? ከሥራዎቹ አንዱን ሰርዙ ብትባሉ የቱን ትሰርዛላችሁ? ብዙ ሰው የሰረዘውን እርስዎም ይሰርዙት።

እስከዚያው ድረስ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአምናውን ፋይናል ከመደርደሪያው ያውርዱ፣ ያችን ጥያቄ ይፈልጉና ከሥሯ ተማሪዎች የጻፏቸውን የተሳሳቱ መልሶች በስሕተታቸው ዓይነት ይመድቧቸው። የቅድመ ክፍሉን ጥያቄዎች የሚያወጡት ከእነዚያ ስሕተቶች ነው። ረቂቁን ቢልኩልኝ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ።